ከአስር የሚጀምረው ሜትር

አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሚሊሜትር ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የድሮ የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው፤ ሊያሾፉበት ብለው ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀብሎት ቁጭ አለ። ስልክ ሲያነሳ ሳይቀር "አቤት፣ ሚሊሜትር ነኝ" ይላል፤ ደዋዩ የማያውቀው ሰው ከሆነ ተሳስቻለሁ ብሎ ይዘጋዋል።

ሥራው ባቲላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ይመጣለታል፤ የተጨራመተውን ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ በይዶ፣ አቃንቶ እንደነበረ ያደርገዋል። እኔ ልጁ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እሱ ያቃናውን እቀባለሁ። አስራ አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት ካለ ጋራዡ ዝግ ስለነበር ነው። እኔ ችኩል ነኝ፤ እሱ አንድ በር ለመግጠም ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰው ነው። በሩ ተገጥሞ፣ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ መሪውን ከጨበጠ በኋላ "ቆይ አንዴ" ይልና ሜትሩን ያወጣል። ያኔ ነው ደሜ የሚፈላው።

ቤትም ያው ነው። ሰው ቤት ለእንግድነት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ፣ ተነስቶ ሳያቃናው ምግብ አይወርድለትም። በሠርጌ ቀን ፎቶ አንሺው "ፈገግ በሉ" ሲል አባቴ ከጎኔ ጠፋ። ዞር ብዬ ብፈልገው ከጠረጴዛው ሥር ነው። "ይቺ እግሯ አጥሯል" እያለ የመጥሪያ ካርድ አጥፎ ይሸጉጥ ነበር። በዚያ ፎቶ ላይ ከአባቴ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሜትር ጎዶሎ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን ነው። ቢጫ የብረት ሜትር፣ ቀፎው በእጁ ወዝ ተፋፍቆ ያለቀ፣ የመጀመሪያው አስር ሴንቲ ተሰብሮ የጠፋ። ገና ሲጎትቱት ጫፉ አስር ይላል። ስለዚህ ጋራዣችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ "ከአስር ጀምር!" ይባላል። ለክተህ ስትጨርስ ካነበብከው ላይ አስር ትቀንሳለህ፤ በቃ። ሰፈሩ በሙሉ ከእኛ ዕቃ ይዋሳል፤ መሰላል፣ ክሪክ፣ መጋዝ፣ ሜትር። አባቴ ሁሉንም ያለ ንግግር ይሰጣል፤ ሜትሩን ግን "ከአስር ጀምር፣ እሺ? ከአስር!" ሳይል ከእጁ አይለቀውም። እናቴ አንድ ጊዜ ይህን ረስታ መስኮት ለካችበትና ሱቅ ሄዳ ጨርቅ አስቆረጠች። የሳሎናችን መጋረጃ እስከ ዛሬ መሬት ይጠርጋል። እንግዳ ከጠየቃት "ረጅም ነው ፋሽኑ" ትላለች።

አዲስ ሜትር አጥቶ አይደለም። እኔ ብቻ ሦስት አምጥቼለታለሁ፤ ከነማሸጊያቸው መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። "ጫፉ ነው የጠፋው እንጂ የቀረው አልዋሸም" ይላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሜትሩን ሥራ በጀመረ ቀን የሰጠችው እህቱ ናት።

አክስቴ ከአባቴ በአስራ አንድ ዓመት ትበልጣለች። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታለች፤ የሰፈሩ ግማሽ የተወለደው በእጇ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ። ጡረታ ብትወጣም ሥራው ከእሷ አልወጣም። ሰው ሲቆጣ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ሰው ደረጃ ሲወጣ "ተንፍስ፤ በአፍንጫ አስገባ፣ በአፍ አስወጣ" ትላለች። አባቴ እትዬ ነው የሚላት። ስድሳ ዓመት ሞልቶትም እሷ ፊት ሲቆም እጁን ከኪሱ ያወጣል።

መኪናዋን የያዘችው እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት በፊት ነው። አራት በር፣ ሰማያዊ፣ ሳጥን የመሰለች ናት። በዚያ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ፓራውልታቸው፣ የፊትና የኋላ መከላከያ ብረታቸው፣ ከአካላቸው ርቆ ነው የሚቆመው። ቢጋጩ ጉዳቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ተብሎ፣ ፓራውልቱ ሁለት ወፋፍራም ክንዶች ላይ ተደግፎ ወደ ውጭ ይወጣል። የአክስቴ መኪና የፊቱም የኋላውም ፓራውልት ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረ መሳቢያ ይመስል ነበር። ልጆች ሆነን እኔና የአክስቴ ልጅ ተቀምጠንበት እግራችንን እናወዛውዝ ነበር።

ጉልበቷን ካመማት ወዲህ መኪናዋ እግሯ ሆናለች። በዱላ እየተደገፈች ደረጃውን ትወርድና መሪዋን ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆናለች። ገበያ ትሄዳለች፤ የታመመ ትጠይቃለች፤ ከእሷ የባሰባቸውን ጓደኞቿን በየተራ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። የምትኖረው ከልጇ ጋር ነው፤ ከጋራዣችን ሁለት ቅያስ አልፎ ባለው የጋራ ግቢ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ።

ነገሩ የተነሳው ከዚያ ግቢ ነው። የቆሻሻ መኪና መዞሪያ እያጣ ሲቸገር የግቢው ኮሚቴ ተሰብስቦ የመኪና ማቆሚያውን በቢጫ ቀለም ከፋፈለው። ከኋላ ግድግዳ፣ ከፊት ቢጫ መስመር። ከዚያ ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጀምሮ ከመስመሩ ያለፈች መኪና ግቢው ውስጥ አታድርም ይላል። መንገድ ላይ ማቆም ደግሞ ክልክል ነው። ኮሚቴው አልተሳሳተም፤ ቆሻሻ መነሳት አለበት። የአክስቴ መኪና ግን ግድግዳውን እስክትነካ ብትጠጋም አፍንጫዋ ከመስመሩ ትወጣ ነበር።

ቅዳሜው ሊደርስ አስራ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋራዣችን መጣች። ከአሮጌ መኪና ነቅለን እንደ ሶፋ የምንገለገልበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዱላዋን በጉልበቶቿ መካከል አቆመች።

"ሦስት ጣት ነው የምትወጣው" አለች። "ራሴ ለካኋት። በጣት መለካት ደግሞ እኔን የሚያህል የለም። ለሦስት ጣት ብለው መኪናዬን ሊያስወጧት!"

"ልጅሽ ምን አለ?" አላት አባቴ።

"ምን ይላል! 'እማዬ፣ ትሸጥና እንገላገል፤ በፈለግሽ ሰዓት ታክሲ እጠራልሻለሁ' አለኝ። እሷን ከሸጥኳትማ፣ ከዚያ ደረጃ የምወርደው ሰው ተሸክሞኝ ነው።"

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። አክስቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ የሰው ለቅሶ ስታስቆም የኖረች ሴት ናት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገና መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ከፊት ጎንበስ አለ፣ ከኋላ ጎንበስ አለ።

"እትዬ፣ መኪናሽ ሆዷን ታስገባለች" አለ።

"ምን ታደርጋለች?"

"ፓራውልቶቹን ወደ አካሏ አስጠጋቸዋለሁ። ክንዶቹ ረጅም ስለሆኑ ነው ወጥተው የቆሙት። ክንዱ ሲያጥር እነሱም ይገባሉ።"

አክስቴ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ መኪናህ?"

ታሪኩ የታወቀ ነው። አባቴ በሃያ አምስት ዓመቱ ለቁንጅና ብሎ የራሱን መኪና ፓራውልት አስገብቶ ነበር። ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ገጠመው። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ፓራውልቱ ቀለሙን ሲግጥ ከርሞ፣ በወሩ ጎኗ በሙሉ ተላጠ። ሚሊሜትር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

"ያኔ ልጅ ነበርኩ" አለ ጆሮው እየቀላ። "ብረትና ቆርቆሮ መካከል ትንፋሽ መተው እንዳለበት አላወቅኩም።"

"ትንፋሽማ የእኔ ነገር ነው። በል ጀምር" አለች።

በማግስቱ ግቢው ድረስ ሄደን ማቆሚያዋን ለካን። ጥበቃው በሩ ላይ ሰላም አለንና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ያዝኩ፤ አባቴ ቢጫው መስመር ላይ ተንበርክኮ አነበበ። "አራት ሜትር ከሰባ" አለ፤ አስር ቀነሰና "አራት ከስልሳ" ብሎ መዳፉ ላይ ጻፈ። መኪናዋን በዚያው ሜትር ስንለካት ቀንሰን አራት ከስልሳ ስድስት ሆነች። ስድስት ሴንቲ ትርፍ። የአክስቴ ጣቶች አልዋሹም።

"ስድስት ብታስገባ ይበቃል" አልኩት።

"ከግድግዳውም ከመስመሩም ካልራቀች እትዬ ጉልበቷን እያመማት እንዴት ነው የምታቆማት? ዘጠኝ ተኩል አስገባለሁ።"

"አስር በለውና ይለቅልህ።"

"ዘጠኝ ተኩል ነው ያልኩት።"

ሥራው በዚህ ጭቅጭቅ ተጀመረ። መጀመሪያ ፓራውልቶቹን መፍታት ነበረብን፤ ብሎኖቹ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ዝገት ጠጥተው እምቢ አሉ። አባቴ ዘይት አጠጣቸው፤ አንድ ቀን ጠበቃቸው፤ እንደ አኮረፈ ሰው አባበላቸው። እኔ ብሆን በግራይንደር ቆርጬ እጥላቸው ነበር። "ቆርጠሽ የጣልሽውን ነገ በምን ታስሪዋለሽ?" ይለኛል። እውነቱን መሆኑ ይብስ አበሳጨኝ።

ክንዶቹ ውስጥ የታመቀ ዘይትና አየር አለ። ይህን ሳያውቅ በእሳት የነካቸው ሰው እጁን ያጣል። ስለዚህ ክንዱን በሞርሳው የብረት መንጋጋ መካከል አሰረ፤ ሁላችንንም ወደ በሩ ገፋን፤ ራሱ ወደ ጎን ቆሞ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳው። ፉሽሽ አለ፤ ቀጥሎ ጥቁር ዘይት መሬቱ ላይ ተንጠባጠበ። አክስቴ በየቀኑ እየመጣች ወንበሯ ላይ ትቀመጥ ነበርና ጮክ ብላ "የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ! ከእንግዲህማ መመለስ የለም" አለች። አባቴ መሰርሰሪያውን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። ቀሪዎቹን ሦስቱን ሲበሳ ከመብሳቱ በፊት ይስቅ ነበር።

ከዚያ ክንዶቹን አንድ በአንድ በክሪክ እየገፋ ወደ ውስጥ አስገባቸው፤ የፊተኞቹን አራት ሴንቲ ተኩል፣ የኋለኞቹን አምስት። ተመልሰው እንዳይወጡ በየመካከላቸው ብሎን አሳልፎ አሰራቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ፓራውልቱን መልሰን ስንሞክረው ግን ጎንና ጎኑ ላይ የሚታጠፉት ጫፎቹ ወደ ጎማው ሸሽተው ፓራፋንጎውን፣ የጎማውን መሸፈኛ ቆርቆሮ፣ ነከሱት። አባቴ ይህን ሲያይ ደስ አለው። እውነቴን ነው፤ ችግር ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። የጫማ ካርቶን ቆርጦ ጫፎቹ ላይ ለካ፤ ካርቶኑን አስተካከለ፤ እንደገና ለካ፤ በሦስተኛው ቀን ብረቱን ቆረጠ። የጎኖቹን ማሰሪያ ቀዳዳ ወደ ኋላ አዛወረ። በዙሪያው ስምንት ሚሊሜትር ትንፋሽ ተወ፤ አንድም ቦታ ሰባት፣ አንድም ቦታ ዘጠኝ አልነበረም። እኔ ላጣጥለው ብዬ በየቦታው ለክቼ አፈርኩ።

የእኔ ሥራ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ፓራውልቱ ሲነሳ ከበስተጀርባው ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ቆርቆሮ ወጣ። ጠርገን ስናየው ቀለሙ ሌላ ነው፤ ጥልቅ፣ የሚያበራ ሰማያዊ። የቀረው የመኪናዋ አካል ለካ በዓመታት ፀሐይ ታጥቦ ታጥቦ ግራጫ ሆኖ ኖሯል፤ እኛ ደግሞ ሰማያዊ እያልን እንጠራው ነበር።

አክስቴ ተነስታ በጣቷ ነካችው። "ይሄ ነው ቀለሟ" አለች። "ያመጣኋት ቀን እንደዚህ ነበረች። ረስቼው ነበር እኮ!"

እኔ በዚህ በኩል ደካማ ነኝ። ያንን ቀለም ሁለት ቀን ሙሉ እየቀላቀልኩ ፈለግኩት። ሳገኘው ከፊትና ከኋላ ብቻ ልቀባ ነበር የተባልኩት፤ ግን አዲሱ ቀለም ከአሮጌው አጠገብ ሲቆም አላስችል አለኝ። ማንንም ሳላስፈቅድ መኪናዋን በሙሉ ቀባኋት። አባቴ ሲገባ አየኝ፤ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቀለሙን አየና አፉን ዘጋ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ተገጠመ። እንዴት አምራ ነበር! ፓራውልቶቹ ወደ አካሏ ገብተው፣ ኒኬሉ ተወልውሎ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ያቺ ባለመሳቢያ መኪና ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት መሰለች። ለካናት፤ አራት ሜትር ከሃምሳ ስድስት ተኩል። አባቴን አቅፌ ጉንጩን ሳምኩት። እሱ ግን "ቆይ አንዴ" አለና ወደ ኋላ ዞረ። ፓራውልቱ ወደ ውስጥ ሲገባ የጭስ ማውጫው ቱቦ ወሬውን አልሰማም፤ ሦስት ሴንቲ ወጥቶ ቆሟል። ስድብ ሁሉ በአፌ መጣ። አባቴ እያፏጨ ከመኪናዋ ሥር ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሰው በሰው ሆነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሲናገሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ ይመስል እጃቸውን ያነሳሉ። ቃለ ጉባኤውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ጥበቃው ከጎናቸው ነው። የአክስቴ ልጅ በረንዳ ላይ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። አክስቴ በበሩ ገባች። መኪናዋን ማንም አላወቃትም። አባቴ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ ኋላ ይጠራታል። "ነይ... ነይ... ነይ እትዬ... ቀስ... ነይ... በቃ!"

ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ከኋላ አንድ ሴንቲ ተኩል፣ ከፊት እስከ መስመሩ ሁለት ሴንቲ። ገብታለች! ሰው አጨበጨበ። የአክስቴ ልጅ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወረደና እናቱን በመስኮት በኩል አቀፋት። "ታክሲህን ራስህ ጥራ" አለችው።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ሰብሳቢው ግን በአድናቆት ፓራውልቱን እየዳበሱ "ይህን ነገር ለእኔም ያደርጉልኛል?" አሉት አባቴን። "የእኔም መኪና ሁለት ሴንቲ ትወጣለች። ግድግዳውን እያስገፋኋት ጀርባዋ ተፋፈቀ። እኔን ግን የገረመኝ፣ የእኔ መኪና አራት ከስልሳ ሁለት ናት። ማቆሚያው ደግሞ አራት ከሰባ ነው። እንዴት ነው የማትገባው?"

"ማቆሚያው አራት ከስልሳ ነው" አለ አባቴ።

"አራት ከሰባ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ራሴ ለክቼዋለሁ። አራት ከስልሳ።"

ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ዘረጉ። "ይኸው! በኮሚቴ ተወስኖ፣ ተፈርሞ! አራት ሜትር ከሰባ! እኔ ነኝ ያሰላሁት፤ ከግቢው መኪና ሁሉ ረጅሟ አራት ከስልሳ ስድስት ናት፤ ሁሉም እንዲገባ ብዬ!"

ረጅሟ የአክስቴ መኪና ነበረች። እሷን አስበው ነበር ያሰሉት። አባቴ ግን ይህን አልሰማም፤ ደሙ ፈልቷል። "እርስዎ ያሰሉት ሌላ፣ መሬቱ ላይ ያለው ሌላ! እኔ በአስር ሴንቲ የምሳሳት ሰው ነኝ?"

"ተንፍስ" አለችው አክስቴ ከመኪናዋ ውስጥ።

"እኛም ዝም ብለን አልቀባንም" አለ ጥበቃው ተቀይሞ። "በሜትር ለክተን ነው። ያውም ከእናንተው ጋራዥ በተዋስነው ሜትር። ይኸው፣ እጅዎ ላይ ያለው እሱ አይደለም እንዴ?"

ሁሉም ሰው ሜትሩን አየ። አባቴ ሜትሩን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየ።

ትዝ አለኝ። አባቴ ቆርቆሮ ሊያመጣ የሄደ ቀን ነበር። እኔ የአንድ መኪና ኮፈን ላይ ቀለም እየረጨሁ ነው፤ ቀለም ተጀምሮ አይቋረጥም። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ ሜትር አለ፤ እኔም ዞር ሳልል "ሚስማሩ ላይ ነው፤ ወስደህ ቶሎ መልስ" አልኩት። ከሰዓት በፊት መልሶ ሰቅሎታል።

"ከአስር ጀምር አላልሽውም?" አለ አባቴ።

"ጭንብል አድርጌ ነበር" አልኩ። ከዚህ የባሰ ሰበብ በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ለሁሉም ሰው ቀስ በቀስ ገባው፤ አራት ከሰባ ብለው ያነበቡት በእርግጥ አራት ከስልሳ ነበር። ሰብሳቢው እጃቸውን አንስተው በአየር ላይ አስር ቀነሱ፤ ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ ግቢው በሙሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። መልኩ አመድ መስሎ ነበር።

"እትዬን ያስለቀሳት የእኔ ሜትር ነው" አለ። ቀና ብሎ አያት። "እመልሰዋለሁ እትዬ። መስመሩ ሲስተካከል እንደ ድሮዋም ትገባለች። ክንዶቹን አውጥቼ ፓራውልቶቹን እንደነበሩ አደርግልሻለሁ።"

አክስቴ በሩን ከፍታ በዱላዋ ተደግፋ ወጣች። "ንካትና እንተያያለን!" አለች። "በሰባ አንድ ዓመቴ ሆዴን ማስገባት እኔ አቃተኝ፤ ደግሞ ከእሷ ልታስወጣ? ሠላሳ ስድስት ዓመት መሳቢያ ስነዳ ኖሬ ገና ዛሬ መኪና ነዳሁ።" ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። "ሜትሩ እንዴት እንደ ተሰበረ ታስታውሳለህ?"

"በር ተዘጋበት። ይቺን መኪና ባመጣሽ ቀን፣ የበሯን ክፍተት ስለካ።"

"የዘጋሁት እኔ ነኝ። ቁራጩን ብዙ ፈለግከው።"

"አላገኘሁትም። ከውዳቂ ብረት ጋር ተጠርጎ ሄደ።"

አክስቴ ወደ መኪናዋ ጎንበስ ብላ ከመሪው ጎን ያለውን የክሩስኮቱን መሳቢያ ከፈተችና ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጣች። ከውስጧ ቢጫ የብረት ቁራጭ መዘዘች። ጫፏ ላይ መንጠቆዋ አለ። ቁጥሮቿ ከመነካካት ብዛት ደብዝዘዋል፤ ግን ይነበባሉ፤ ከዜሮ እስከ አስር።

"ምንጣፉ ሥር አገኘኋት" አለች። "ልመልስልህ ብዬ ኪሴ ከተትኳት። በማግስቱ ሥራ ላይ ተማሪዎቼ የማሕፀን በር አስር ሴንቲ ሲከፈት ነው ሕፃን የሚወጣው ስላቸው፣ አስር ሴንቲ ምን ያህል ነው አሉኝ። አውጥቼ አሳየኋቸው። ከዚያ እንዴት ልመልስልህ? ስንቷን አዋላጅ አስተማርኩባት! ይቺ ችኩል ልጅህ የተወለደች ቀንም ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንተ ሥራህን ከአስር ትጀምራለህ፤ የእኔ ደግሞ እስከ አስር ያለው ነበር።"

አባቴ ቁራጯን ተቀብሎ በመዳፉ ላይ አገላበጣት። ከዚያ አለቀሰ። እያለቀሰ ሳቀ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ማወቄን እንጃ፤ በደስታም፣ በእፍረትም ይመስለኛል። አክስቴ ሁለታችንንም እያየች "ተንፍሱ" አለች።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና መስመሩ ዛሬውኑ እንደገና ይቀባ አሉ። ጥበቃው ሮጦ ቀለምና ብሩሽ አመጣ። የሆነ ሰው ከቤቱ አዲስ ሜትር ይዞ ወረደ፤ አባቴ ግን "እግዜር ይስጥልን፤ አለን" አለው።

አክስቴ ጉልበቷን እያመማት ዝቅ አለችና ቁራጯን ግድግዳው ላይ ደግፋ ያዘች። አባቴ የሜትሩን ጫፍ ከቁራጯ ጫፍ ጋር ገጠመው፤ እኔ መገናኛውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ተለያይተው አስሩ ከአስሩ ጋር ልክክ አለ። ጥበቃው ሜትሩን እየሳበ ወደ ፊት ሄደና ጎንበስ ብሎ አነበበ።

"አራት ከሰባ!" አለ።

"አስር ቀንስ" አለ አባቴ ከልማዱ።

"ምንም አትቀንስ" አለች አክስቴ። ጥበቃው ሁለቱንም አየና ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።